ጣና ዳር ጎልፍ አለ ብለው ሸጡልን

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ የሚዞር ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል፣ በድሮን የተቀረፀ፣ ጣና ከኋላ እያብለጨለጨ አንዷ ነጭ በነጭ የለበሰች ቆንጆ ኳስ ጉድጓድ ውስጥ ስትከት የሚያሳይ፣ ከስሩ "ጎልፍ በባህር ዳር" ምናምን የሚል። የቦታውን ስም አልጠራም፣ ሐይቁ ዳር ያለ የሕዝብ መዝናኛ ነው በቃ።

እኔ ጎልፍ ሲያምረኝ አድሬ አይደለም የሄድኩት። አጎቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው እዛ ጎልፍ ሜዳ ኬዲ ነበሩ፣ ማለትም የፈረንጅ ቦርሳ ተሸካሚ፣ ቦርሳው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ እስከ 14 ዱላ ይይዛል፣ እሱን ተሸክሞ 18ቱን ጉድጓድ መዞር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ቪዲዮውን ሳሳያቸው "እስቲ ውሰደኝ ልጄ" አሉኝና በባጃጅ ሄድን።

በሩ ላይ መግቢያው ለብቻ፣ ጎልፉ ለብቻ ነው የሚከፈለው፣ የጎልፉ በሰው 150 ብር። ልጅቷ ትኬት ቆርጣ "መልካም ጊዜ" ብላ አሳለፈችን።

ገባን። ሜዳ የተባለው እዚህም እዚያም የተነጠፈ ሰው ሰራሽ ሳር ነው፣ ፀሐይ ቀለሙን ጨርሶታል፣ መገጣጠሚያው ተነስቶ እግር ይጠልፋል፣ ግማሹ ላይ ጭራሽ ወንበርና ጠረጴዛ ተደርድሮ ሰው ቢራውን ይጠጣል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አንዱን ጉድጓድ በጣታቸው ለኩና "የትም አገር ብትሄድ የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው፣ እዚህ ውስጥማ ድስት ይጣዳል" አሉ።

እኔን የገረመኝ ግን ሳሩ ነው። ጋሼ እንደሚሉት እውነተኛው ሜዳ ላይ ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሳር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን በየቀኑ ነው የሚታጨደው፣ እሺ ያን ያህል አንጠይቅም፣ ግን ጣና ዳር፣ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በሚወርድበት፣ ሳር ሳይዘሩት በሚበቅልበት አገር ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ ምን የሚሉት ነው? ማጨዱ ከከበዳቸው ደግሞ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ያሉት ጉማሬዎች ማታ ማታ ወጥተው በነፃ ይግጡላቸው ነበር።

ከዛ ዱላ የሚያድለውን ልጅ አገኘነው። "ፋዘር ዱላውስ አለ፣ ኳሱ ነው የሌለው" አለ። ለካ ሐይቁ በኩል አጥር የለም፣ ሕፃናት እየመቱ እየመቱ ኳሱን ጣና ጨርሶታል፣ የጎልፍ ኳስ ደግሞ አይንሳፈፍም፣ ገባ ማለት ሰመጠ ነው። "የቴኒስ ኳስ ልስጣችሁ?" ሲል ጉድጓዱ ለምን እንደሰፋ ገባኝ።

ዱላውም ዱላ ቢሆን ጥሩ፣ እጀታው በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ቁመቱ የልጅ ነው። ጋሼ አገላብጠው አዩትና "የገና ዱላ ከዚህ ይሻላል" አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ቆልመም ያለ እንጨትና ጥንግ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ዶላር አይጠይቅም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል አይደል፣ ትኬት የቆረጠ ሰው ግን ይቆጣል፣ እኔ ተቆጣሁ፣ ወደ በሩ ተመለስኩ።

"ኳስ እንደሌለ ታውቂ ነበር እህት?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?"

"አልጠየቃችሁኝማ።"

ኧረ ተውኝ! ኳስ ማለቁ አይደለም ያናደደኝ፣ ያልቃል፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ በገበያ ዋጋ ከሆነ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ እሳት ነው፣ ይገባኛል። ግን እንደሌለ እያወቁ ትኬት መቁረጥ ምን ይባላል? አንድ ወረቀት ላይ "ኳስ የለም" ብሎ በሩ ላይ መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል? ኃላፊውን ጥሩልኝ ስል ያው እንደተለመደው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ጋሼ ግን አልተናደዱም። የቴኒስ ኳሷን ተቀብለው ዱላውን ሁለቴ ወዘወዝ አደረጉና አንዴ መቱ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ገባች፣ ቢራ የሚጠጡት ሁሉ አጨበጨቡ። "ድስት ውስጥ ማንም ያስገባል" ብለው ዱላውን መለሱለት።

ብራችንን አልመለሱልንም። የእኔ ትኬት ኪሴ ውስጥ አለ፣ "ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል" ይላል፣ እኔ ደግሞ ገና አንዴም አልመታሁም፣ ስለዚ ኳስ ገባ ሲባል የሰማ ካለ ይንገረኝ።