የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ የተደረገልን

ሀዋሳን የሚያውቅ ሰው ለሐምሌ 19 ከተማው በእንግዳ እንዴት እንደሚጨናነቅ ያውቃል። ባለፈው ዓመት የእኛም ቤት ሞልቶ ነበር። አክስቴ ከዲላ መጥታ ከትንሿ እህቴ ጋር ሰርቪስ ቤት ተኛች። ዝናቡ ሲወርድ ስለዋለ ብርዱ አይቻልም። ቡና ጠጥተን ስንጨርስ ከሰሉ ገና ፍም ነበር፣ «ትንሽ ይሙቃቸው» ብዬ ምድጃውን እነሱ ክፍል ያስገባሁት እኔ ነኝ። መስኮቱንም የዘጋሁት እኔው ነኝ። ይህን የምጽፈው ሌላ ቤት እንዳይደገም ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት እማዬ ለማኅሌት ተነስታ የአክስቴን በር አንኳኳች። ዝም። ደገመች። ዝም። በሩን ገፍታ ስትገባ «ገብርኤል ድረስልኝ!» ያለችው ጩኸት ነው እኔን የቀሰቀሰኝ። አክስቴ ወለሉ ላይ ተደፍታለች፣ ልትወጣ ሞክራ አቅቷት መሆን አለበት። እህቴ አልጋው ላይ ናት፣ ብጠራት ብነቀንቃት አትሰማም። ምድጃው ከላይ አመድ ለብሶ ከሥሩ አሁንም ይቀላል። ክፍሉ ውስጥ ግን ጭስ የለም፣ ሽታም የለም። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ሰው እንደተኛ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ባጃጅ ልፈልግ? ጎረቤት ልጥራ? እጄ እየተንቀጠቀጠ 907 ደወልኩ። ተማሪ ሳለሁ ቀይ መስቀል ክበብ ውስጥ «ለአምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991» እያሉ አስይዘውን ነበር፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ደውዬ አላውቅም። በዚያች ደቂቃ የራሴን ስልክ ቁጥር ብጠየቅ የምመልስ አይመስለኝም። ይህኛው ግን መጣልኝ። እማዬ እየጸለየች ነበር፣ እኔም የጸሎቷ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስልኩ ሲነሳ «እህቴ ልትሞት ነው!» ብዬ መጮህ ጀመርኩ። ሰውየው በተረጋጋ ድምፅ «መጀመሪያ የት እንዳለሽ ንገሪኝ» አለኝ። ገባኝ፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታውን ካወቁ መኪናው ይመጣል። የቤት ቁጥር በሌሊት ማንም አያገኝም፣ ስለዚህ ታቦር ተራራ ሥር፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ኮብልስቶን፣ አረንጓዴ የብረት በር አልኩት። ከዚያ ስንት ሰው እንደሆኑ፣ ይተነፍሱ እንደሆነ ጠየቀኝ። ወደ ውጭ አውጥታችሁ በጎናቸው አስተኟቸው አለ። አንዲት ጎረቤታችን ወተት ይዛ እየሮጠች መጣች፣ እሱ ግን ራሱን ለሳተ ሰው ምንም ነገር በአፉ እንዳትሰጡ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ዝጊ እስኪለኝም አልዘጋሁም። የባጃጅ ሹፌሩ ጎረቤታችን አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ፍሬቻውን እያበራ ጠበቀ፣ አምቡላንሱ በእሱ ምልክት ነው የታጠፈው።

ሐኪም ቤት ወዲያው ኦክስጅን አደረጉላቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ እንደሚይዝ ያስረዱን በኋላ ነው። አክስቴ ስትነቃ ከማታ ጀምሮ ራሷን ያማት እንደነበር ነገረችን፣ የመንገድ ድካም መስሏት ዝም አለች። እባካችሁ፣ ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታትና ማጥወልወል ከመጣ ተነስታችሁ ውጡ። የማይነቃ ሰው፣ መተንፈስ ያቃተው ሰው፣ ደሙ የማይቆም ሰው ካያችሁ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ደውሉ። ልጆች በጨዋታ ሲደውሉም ከልክሏቸው፣ መስመሩን የእኔ እናት እየጠበቀችው ሊሆን ይችላል።

ሊነጋ ሲል እህቴ ዓይኗን ገለጠች። «ራሴን» አለች፣ ከዚያ ውሃ ጠየቀች። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቅዱስ ገብርኤልም ደርሶልናል። እማዬ ጥላ ተስላ ነበር። ዘንድሮ ጥላውን ይዛ የገባችው እህቴ ናት።