ዝንብ የማሰር ምሽቶች

ሰሞኑን ማታ ማታ ምን እንደምሠራ ለሚጠይቀኝ ሰው «ዝንብ አስራለሁ» ብዬ ስመልስ፣ «ምን አጥፍታ?» የሚል ቀልድ ሳይሰነዘርብኝ የቀረበት ቀን የለም። የማስረው ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው፤ ዓሣ የሚመገባቸውን የውሃ ነፍሳት እንዲመስል ላባ፣ ፀጉርና ሱፍ በቀጭን ክር መንጠቆ ላይ እየተጠመጠመ የሚሠራ ማጥመጃ። ሥራው እጅግ የቆየ ነው፤ ከ1,800 ዓመታት ገደማ በፊት የተጻፈ አንድ ምስክርነት፣ የመቄዶንያ ዓሣ አጥማጆች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው ከአውራ ዶሮ አገጭ ሥር የሚበቅሉ፣ ሰም የመሰሉ ሁለት ላባዎች ያስሩበት እንደነበር ይናገራል። እውነተኛውን ዝንብ የተዉት የሰው እጅ ሲነካው ቀለሙ ስለሚጠፋና ክንፉ ስለሚጠወልግ ነበር። የእኔ እጅ የሚያጠወልገው ደግሞ ሰው ሠራሹንም ጭምር ነው።

ለጀማሪ ይሆናል ተብሎ የተመከርኩት ዉሊ በገር የሚባለውን ዓይነት ነው። ጭራው ማራቡ የሚሉት ለስላሳ ላባ ሲሆን፣ ይህ ላባ ስሙን የወረሰው ከአባ ኮዳ ቢሆንም ዛሬ በአብዛኛው የሚገኘው ተርኪ ከምትባለው ወፍ ነው። ገላው ፀጉራም ክር ነው፤ በዚያ ላይ የአውራ ዶሮ የጀርባ ላባ ከጭራ እስከ ራስ እየዞረ ይጠመጠማል። መንጠቆው በትንሽ ሞርሳ ይነከሳል። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ እንደሚቀንስ ሳላውቅ፣ ቁጥር 14 ከቁጥር 10 ይተልቃል ብዬ ገዝቼ ስከፍተው የጤፍ ያህል ነገር ወጣ ብል ብዙም አላጋነንኩም።

የመጀመሪያው ምሽት ያለቀው ክር በመበጠስ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኔ ድር ግን ዝንብ ማሰርም አቃተው። ክሩ ሲበጠስ እስከዚያ የተጠመጠመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታና ላባው ብን ብሎ ጠረጴዛው ላይ ይበተናል። ጥፋተኛው ክሩ መስሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስተውል ግን ግማሹን ጊዜ ክሩን እየላጨ የሚበጥሰው፣ ከሞርሳው ወጣ ብሎ የቀረው የመንጠቆው ሹል ጫፍ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚበጥሰው ጉልበቴ ነበር። ስለዚህ አንድ ሙሉ ምሽት ምንም ሳልሠራ፣ ባዶ መንጠቆ ላይ ክር እየጠመጠምኩ ሆን ብዬ እስኪበጠስ ስስብ አመሸሁ። ከመበጠሱ በፊት ክሩ ትንሽ እንደሚለጠጥ ጣቴ የለየው ያን ጊዜ ነው። ፍራንክ ሶየር የተባለው እንግሊዛዊ የወንዝ ጠባቂ፣ ፌዛንት በምትባል ወፍ የጭራ ላባ የሚሠራትን ታዋቂ ዝንቡን ሲያስር በክር ፈንታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠቀም እንደነበር ሳነብ፣ ሽቦው ዝንቧን እንዲያሰጥምለት ጭምር እንደሆነ ባውቅም፣ ከልቤ ቀናሁበት።

ክሩ ከተገራ በኋላ የላባው አመል ተከተለ። ጭራውን በመንጠቆው ዘንግ አናት ላይ አስቀምጬ ክሩን ሳጠብቀው፣ ክሩ ላባውን እየገፋ ወደ ማዶ ጎን ይወስደዋል። መፍትሔው ቀላል ቢመስልም ጣቶቼን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፦ ላባውንና ዘንጉን በግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት አንድ ላይ ቆንጥጦ መያዝ፣ ክሩን ሳያጠብቁ በሁለቱ ጣቶች መካከል ማሳለፍ፣ ከዚያ ቁንጥጫውን ሳይለቁ ክሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መሳብ። ችግሩ ሁልጊዜ ከመሳቡ በፊት «ልየው እስቲ» እያልኩ ጣቴን ማላቀቄ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን የዝንቡ ራስ ላይ ያለው ቦታ ነው። ከመንጠቆው ቀዳዳ ኋላ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ባዶ መተው ያስፈልጋል፤ የላባው ጫፍ የሚታሰረውና የመጨረሻው ቋጠሮ የሚቀመጠው እዚያ ነው። እኔ ገላውን ሳወፍር፣ ላባውን ሳበዛና አንድ ዙር ስጨምር ቀዳዳው አፋፍ ላይ እደርስና ለቋጠሮው የሚሆን ቦታ አጣለሁ። የመጀመሪያዋን ዝንብ ያለ ቦታዋ ቋጥሬ፣ እንዳትፈታ ብዬ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀባኋት። ደርቃ ሳያት ቀዳዳዋ ተደፍኗል፤ የማጥመጃው ናይለን ክር የማይገባባት ዝንብ ደግሞ ላባ የለበሰች እሾህ ናት። ከዚያ ወዲህ ሥራውን የምጀምረው ከቀዳዳው ኋላ አምስት ዙር ክር ጠምጥሜ፣ ያን ስፍራ እንደ ድንበር ቆጥሬ ነው። ያም ሆኖ ድንበሩን እጥሳለሁ።

የተበላሹትን በምላጭ እየፈታሁ መንጠቆውን አተርፋለሁ፤ ሲፈቱ ማየት ከማሰሩ ይልቅ ያስተምረኛል ብል ይቀለኛል፣ ምክንያቱም የትኛው ዙር ላላ እንደነበረ እዚያ ላይ ይታያል። አምስተኛዋን ሳልፈታት በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመርኳት። በደረቁ እንደ ጥጥ ተነፋፍቶ የነበረው ጭራ ውሃ ሲነካው ተሰብስቦ ቀጠነ፤ ብርጭቆውን ሳንቀሳቅሰው ደግሞ ከወዲያ ወዲህ መወዛወዝ ጀመረ። በደረቁ በጣም ትንሽ ነው ብዬ የተቆጨሁበት ላባ በውሃ ውስጥ በቂ ሆኖ ተገኘ፤ የቀደሙት አራቱን በላባ አጭቄያቸው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ማታ አሥራ አንደኛዋን ጨረስኩ። ጭራዋ አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ገላዋም መሀል ላይ ጎድጎድ ብሏል። ናይለኑን ወደ ቀዳዳዋ አስጠግቼ ገፋሁት፤ በሌላው በኩል ወጣ።