ነጋድራሱን በጣና ዳር ማንበብ

የነጋድራስ (የነጋዴዎች አለቃና የጉምሩክ ሹም ማለት ነው) ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ሰሞኑን ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጬ እንደገና አነበብሁት። ደራሲው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ባቡርና ስለ ጉምሩክ ብዙ ያነሣል፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ስለ ንግድ ልውውጥ የሚያትተው ክፍል ነው። ሀብት ከሥራ እንደሚገኝ፣ የሥራን ፍሬ የሚያበዛው ደግሞ ዕውቀት እንደሆነ ካስረዱ በኋላ፣ ዕውቀት ያነሰው ሕዝብ ከዐዋቂው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ሥራ እየለወጠ እንደሚደኸይ ያሳያሉ። የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ስለነበሩ ነገሩን በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩት ነው።

ፊት ለፊቴ አንድ ታንኳ ሠሪ ጎንበስ ብሎ ደንገሉን፣ ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ በገመድ ይጠፍር ነበር። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚበሰብስ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ታንኳ መሥራት ግድ ይለዋል። ከአጠገቡ የታሰረው ጀልባ ሞተር ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ስንት ታንኳ ቢሸጥ ሞተሩን እንደሚገዛ ብጠይቀው ሳቀብኝና «አንተ ቁጠረው፤ እኔ እጄ ሥራ ይዟል» አለኝ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል፦ ነጋድራሱ ዕውቀት ሲሉ በአብዛኛው የአውሮፓን ትምህርት ማለታቸው ነው፤ ታንኳውን ሚዛን አስጠብቆ የሚጠፍረውን እጅ ከየትኛው ወገን ይመድቡት እንደነበር መጽሐፉን ደግሜ ባገላብጥም መልስ አላገኘሁለትም።