አቡጀዲ ሰቅዬ፣ ባህር ዳር

ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ዝም ብሎ አየኝ። አራት ሜትር አቡጀዲ። ስድስት ባዶ የእንቁላል ካርቶን። አንድ እፍኝ የልብስ መቆንጠጫ። ለየብቻቸው ምንም አይደሉም። አንድ ሻንጣ ውስጥ ሲገናኙ ግን እኔንም ያስጠረጥሩኛል።

«ይቺስ?» አለኝ፣ ትንሿን መብራት አንስቶ።

«ሐሰተኛ ብር የሚለዩባት መብራት ናት።»

መልሱ ነገሩን አባሰው።

«ባህር ዳር ምን ልታደርግባት ነው?»

«የእሳት እራት ላይባት።»

ባልደረባውን ጠራው። ሁለቱም መብራቷን አገላብጠው አዩ። «ሂድ በቃ፤ እኛ እኮ ዶሮ ልታረባ መስሎን ነበር» አለኝ ሁለተኛው፣ ካርቶኖቹን እየመለሰ።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ካለችው የኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ነው። አንድ የክረምት ማታ አምፖሉን ሳላጠፋ ተኛሁ። ጠዋት ግድግዳው ላይ አንዲት የእሳት እራት ተለጥፋለች። በመጥረጊያ ላባርራት ጠጋ ስል ክንፏን አየሁት። የባህር ዛፍ ልጣጭ ነው የሚመስለው። ግራጫው፣ ቡናማው፣ ስንጥቁ ሳይቀር። መጥረጊያውን አስቀመጥኩት። በዚያው ሥራ ረፈደብኝ።

ከዚያ መርካቶ ወርጄ መብራቷን ገዛሁ። የእሳት እራት እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት የሚባለውን ብርሃን ታያለች፤ ከተራ አምፖል ይልቅ ወደዚያ ታዘነብላለች። ሱቆች ብር የሚፈትሹባት ሐምራዊ መብራት ደግሞ የምትሰጠው እሱኑ ነው። ነጭ ጨርቅ ትሰቅላለህ፣ መብራቷን ፊቱ ታደርጋለህ፣ ከሥሩ የእንቁላል ካርቶን ትደረድራለህ። የመጡት ካርቶኑ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። ጠዋት ታያቸዋለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ ትለቃቸዋለህ። በቃ። የሚገደል የለም። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ሌሊት ልብስ የማሰጣ መስሏቸው ነበር። አሁን ራሳቸው በላስቲክ ብልቃጥ ይዘውልኝ ይመጣሉ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የቢራቢሮ ዓይነቶች 18 ሺህ ገደማ ናቸው። የእሳት እራቶቹ 160 ሺህ ገደማ። ለቢራቢሮ ቆንጆ ስም ሰጠናት። ለእነዚህ ሁሉ ግን አሟሟታቸውን ስም አደረግንላቸው፤ የእሳት እራት! እሳት ሳይበላቸው በፊት ምን ነበሩ ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

ባህር ዳርን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ታላቅ እህቴ እዚያ ናት። እታለም ነው የምላት። ግቢዋ ከጣና ብዙም አይርቅም፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍም አለው። ሁለተኛ፣ ሰኔ መጀመሪያ ነው። ምድሪቱ የመጀመሪያውን ዝናብ ስትጠጣ አፈር ውስጥ የከረሙት ሙሽሬዎች፣ ትሉ ክንፍ እስኪያወጣ የሚተኛባቸው ልባሶች፣ ይፈነዳሉ። ሞቃት፣ ደመናማ፣ ነፋስ የሌለበት፣ ጨረቃ የጠፋችበት ማታ ከተገኘ ሎተሪ ነው። ጨረቃዋን ካላንደር አይቼ ነበር የተነሳሁት።

እታለም አቡጀዲውን ስታይ አማተበች። «ማንን ልትገንዝ ነው?»

የመጀመሪያው ማታ ኪሳራ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለ ግሮሰሪ የስታዲየም የሚያህል መብራት ለኩሶ የሰፈሩን ነፍሳት በሙሉ ወሰደብኝ። ለእኔ የደረሰኝ ትንኝ ነው። ትልቶቻቸው ሐይቁ ሥር ጭቃ ውስጥ አድገው፣ ክንፍ ሲያወጡ እንደ ጭስ የሚነሱ ጥቃቅን የማይናከሱ ትንኞች አሉ። አቡጀዲውን አጠቆሩት። ሻይዬ ውስጥ ገቡ። የሚናከሱት ደግሞ ካልሲዬን አልፈው ቁርጭምጭሚቴን ጨረሱት። ለማጥመጃ ብዬ የበሰበሰ ማንጎ በስኳርና በጠላ ለውሼ የዛፉን ግንድ ቀብቼው ነበር። ፈረንጆቹ በወይን ጠጅና በቢራ ያደርጉታል፤ ጠላ ምን አነሰው? ልክ ነበርኩ፣ ጉንዳኖቹ በጣም ወደዱት።

በማግስቱ የእህቴን ልጅ ይዤ ጀልባ ተሳፈርን። 11 ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ዓይኗ ይሾላል። ባለ ጀልባው መጀመሪያ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወሰደንና ሞተሩን አጠፋ። «ጆሮ ፈልጉ» አለን። እሷ ናት ያገኘችው። ሁለት ትንንሽ ጆሮ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና ሁለት። ጉማሬዎቹ ቀን ውኃ ውስጥ ውለው ማታ ሣር ሊግጡ ይወጣሉ። መብራቴን ይዤ ማታ ሐይቁ ዳር ልሂድ እንደሆነ ሳማክረው፣ «ከእሱ ጋር ከምትገናኝ ከትንኙ ጋር ብትታገል ይሻልሃል» ብሎ ተወኝ። በደንገል ታንኳ አምባዛ የጫነ ዓሣ አጥማጅ አጠገባችን አለፈ። ሁለት ፔሊካኖች እንደ አበዳሪ ከኋላው ይከተሉታል።

ከዚያ ዘጌ። ዘጌ ከሩቅ ሲያዩት ውኃው ላይ የተደፋ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው። ሲገቡበት ቡና ነው፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና፣ መሐል ለመሐል ጠባብ የእግር መንገድ። አቡነ በትረ ማርያም መቋሚያቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። በእሳቸው ቃል እዚያ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ዩኔስኮ የጣናን ዙሪያ በባዮስፌርነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ ብሎ፣ የመዘገበው በ2007 ዓ.ም. ነው። ዘጌዎች መዝገብ ሳይጠብቁ ዛፋቸውን ሲጠብቁ ኖረዋል። ከላያችን አንድ ትልቅ ወፍ አለፈ፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ ዓይነት። ክንፉ ሲመታ ከሩቅ የሚመጣ ባቡር ይመስላል። ጦጣዎቹ ቁልቁል አይተውን ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ።

የእህቴ ልጅ አንድ የቡና ግንድ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ይቺ ቅርፊት ዓይን አላት።»

እውነትም አላት። አውራ ጣቴን የምታህል የእሳት እራት ክንፏን እንደ ጣራ አጥፋ ተኝታለች። አንድ መነኩሴ በዚያ ሲያልፉ ቆሙልን። ምን እንደምናይ ነገርኳቸው።

«ጧፍ ላይ የምትወድቀዋ አይደለችም እንዴ?» አሉ አባ። «በማሕሌት ሌሊት ስንቷን ከጧፍ ላይ ለቅሜያለሁ መሰለህ።»

ብልም ዘመዷ እንደሆነ አጫወትኳቸው። ልብስ የሚበላው ትሉ ነው፤ አድጎ ክንፍ ሲያወጣ ትንሽ የእሳት እራት ይሆናል። አባ ትንሽ አሰቡ። «ብልና ዝገት በሚያጠፉት፣ ይላል ወንጌሉ» አሉና ወደ ግንዱ ጎንበስ ብለው ደግመው አዩዋት። «ይቺ ግን ምንም የምታጠፋ አትመስልም።»

ሦስተኛው ማታ ነው ማታው። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ አባራ። ሙቀቱ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ጠፋ፤ ግሮሰሪውም፣ መንገዱም፣ ሰፈሩም። እታለም ሻማ ፍለጋ እያማረረች ገባች። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ደስ አለኝ። መብራቴ በፓወር ባንክ ነው የምትሠራው። በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ የበራችው የእኛ አቡጀዲ ብቻ ነበረች።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨርቁ ተሞላ። ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። የወፍ ኩስ የመሰለ ነጭ፤ መስሎ ለመዳን የማይሆኑት ነገር የለም። የእህቴ ልጅ «ለምንድን ነው ዝም ብለው የሚዞሩት?» አለችኝ። በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ የወጣ አንድ ጥናት በፈጣን ካሜራ ያየውን በእጄ አሳየኋት። ማታ ሰማዩ ከመሬቱ ይልቅ ብሩህ ነው። ስለዚህ በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ለብርሃኑ ሰጥተው ነው ላይና ታቹን የሚለዩት። አምፖል ሲያጋጥማቸው ጀርባቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ፣ ያዘነብላሉ፣ መዞር ይጀምራሉ። እሳት አምሯቸው አይደለም። ሰማዩ የት እንደሆነ ጠፍቶባቸው ነው።

«ታዲያ ስማቸው ውሸት ነዋ» አለች።

ከዚያ ቁልፍ አውጥቼ አንቀጫቀጭኩ። ሲበሩ ከነበሩት ሁለቱ ዱብ ብለው ሣሩ ላይ ወደቁ። ብዙዎቹ የእሳት እራቶች ጆሮ አላቸው፤ የሌሊት ወፍ ስታድን የምታሰማውን እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ ይሰማሉ። ቁልፍ ሲቀጫቀጭ ያ ድምፅ አብሮት ይወጣል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ቁልፌን አላገኘሁትም፤ ልጅቷ ይዛው ስትዞር አመሸች።

በብርሃኑ ተስቦ የመጣ ሌላም ነበር፤ የጎረቤት ግቢ ዘበኛ። ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው፣ ከአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ አቡጀዲ? ድግምት ነው?»

«ይግቡና ይዩት አባባ፤ የእሳት እራት ነው።»

ገቡ። አገራቸው ሜጫ ነው፣ በቆሎ አምራች ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች አገራችን የገባ ጊዜ በቆሏቸው ውስጥ ከነልጆቻቸው በእጅ ትል ሲለቅሙ ከርመዋል። ተምች የእሳት እራት ልጅ እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጇ?»

«እሷ ቅጠሉ ላይ ትጥላለች፣ እንቁላሉ ትል ይሆናል፣ ትሉ አፈር ይገባና እሷን ሆኖ ይወጣል።»

«እንዲህ ከሆነማ የትኛዋ ናት?»

ጨርቁ ጥግ ላይ ቡናማ፣ ተራ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት አንዲት ነበረች። እሷው ትሁን ዘመዷ በዓይን ብቻ አልለየሁም፤ እንደዚያው አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጨርቁ ላይ ደፈጠጧት። ዱቄት የመሰለ ነገር ቀረ። የሚገደል የለም የሚለው ሕጌ ምላሴ ላይ ነበር። በቆሎ ዘርቼ ስለማላውቅ ዋጥኩት።

አራት ሰዓት ገደማ ከማንጎው በኩል ከባድ ነገር መጥቶ ጨርቁን መታው። ወፍ መሰለኝ። መዳፌን ታህላለች። ሆዷ ቢጫና ጥቁር ጥብጣብ ነው። ጀርባዋ ላይ፣ ከራሷ በታች፣ ሁለት ጥቁር ዓይንና አገጭ ያለው የሰው ራስ ቅል ተስሏል። ያየሁት በፎቶ ብቻ ነበር። ሳይንሱ አኬሮንቲያ አትሮፖስ ይላታል፤ አትሮፖስ በግሪኮቹ ተረት የሰውን የዕድሜ ክር የምትቆርጠው ናት። ለካ ፈረንጁም ከሞት ሌላ ስም አላገኘላትም። ጣቴን ሳስጠጋ እንደ አይጥ ሲጥ ሲጥ አለች።

«በስመ አብ!» እታለም ከነሻማዋ ወደ ኋላ ሸሸች።

ዘበኛው ግን ጠጋ አሉ። «ይቺንማ አውቃታለሁ። የቀፎ ሌባ ናት። ቀፎ ስከፍት ሞታ አግኝቻታለሁ። ንቦቹ ማውጣት ሲያቅታቸው በሙጫ ለብጠዋት፣ እንደ ተገነዘች።»

እኔ በንባብ የማውቀውን እሳቸው በእጃቸው ያውቁታል። አጭርና ጠንካራ መምጠጫዋ የማሩን ሰም ይበሳል፣ ሽታዋም የንቦቹን ይመስላል፤ እያታለለች ገብታ ትጠጣለች። ድምፁም ከዚያው መምጠጫ ነው፣ አየር እየገፋችበት። ትሏ የድንችና የትምባሆ ቅጠል ይበላል። ይህን ስላቸው «ድንችም? ማርም? ምን አላት የተረፈላት!» ብለው ሳቁ።

ካርቶን ውስጥ አሳደርናት። ጎህ ሲቀድ ስነሳ ራሳቸው የጠቆረ ሦስት ትንንሽ ወፎች አቡጀዲው ሥር ቁርስ ላይ ናቸው። ሣሩ ላይ ክንፍ ብቻ ተበትኗል። ጨርቁን ማለዳ ሳይነጋ አራግፎ ማንሳት እንደሚያስፈልግ አዲስ አበባ ያሉት ወፎች አላስተማሩኝም ነበር። ተናደድኩም፣ አፈርኩም። ባለ ራስ ቅሏ ግን ቤት ውስጥ ስለነበረች ተረፈች።

ማታ ልንለቃት ስንወጣ ዘበኛውም መጡ። «የእኔ ቀፎ ሩቅ ነው፣ ልቀቋት» አሉ። የእህቴ ልጅ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። ወዲያው አልበረረችም። ክንፏ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ዓይን እስከማይለየው ድረስ። ሳትሞቅ መብረር አትችልም፤ እንደ መኪና ሞተር ጡንቻዋን ታሞቃለች። «ጋሼ፣ እጄን ነዘረኝ» አለች ልጅቷ፣ ትንፋሿን ይዛ።

ልክ ስትነሳ መብራት መጣ። ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» አለ። የበረንዳው አምፖል ከራሳችን በላይ ቦግ አለ፣ እሷም ዘንበል አለች። ልጅቷ ጫማዋን ጥላ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ሮጠች።

«ማነው መብራቱን ያጠፋው!» አለች እታለም ከውስጥ። «ገና አሁን መጥቶ!»