አንድ ዘፈን ይዤ ከክፍል ክፍል

በኦዲዮ መሣሪያዎች ኤግዚቢሽኑ የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙዚቃ መስማት አስጠላኝ። ለወራት ስጠብቀው የከረምኩት ቀን ነበር። ግን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሁሉም ስፒከር አንድ ሆነብኝ። ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ጆሮ ይወጋል። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩና ማስታወሻዬን ገለጥኩ። 31 ክፍል ገብቻለሁ። የጻፍኩት ግን «ጥሩ ቤዝ»፣ «ደስ ይላል»፣ «በጣም ውድ» ብቻ ነው። ስለ አንዱም ክፍል ለሰው የምነግረው ነገር አልነበረኝም።

ይህን የምጽፈው በሁለተኛው ቀን ምን እንደቀየርኩ ለማካፈል ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ለመሄድ ያሰበ ሰው ካለ የኔን የመጀመሪያ ቀን አይድገመው።

ቦታው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንዳንዱ የኦዲዮ ኤግዚቢሽን የሚካሄደው ትልቅ ማዕከል ውስጥ ነው። በዘርፉ ስሙ የገነነው «ሃይ ኤንድ» ከ2004 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ውስጥ እንዲህ ባለ ማዕከል ሲካሄድ ቆይቶ ለ2026 ወደ ቪየና ተዛውሯል። እኔ የሄድኩት ግን ሆቴል ውስጥ ወደሚደረገው ዓይነት ነው። አልጋው ይወጣል፣ ስፒከር ይገባል፣ ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ይለጠፋል፣ ሰባት ስምንት ወንበር ይደረደራል። በር ላይ ሰው ይጋፋል። የጎረቤት ክፍል ቤዝ ደግሞ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል።

ለምን እንደዛልኩ በኋላ ገባኝ። ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ አለ። ብዙዎቹ ክፍሎች ከ90 ዴሲቤል በላይ ያሳያሉ፣ አንዱ ጋ 94 አይቻለሁ። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም 85 ዴሲቤልን በቀን እስከ 8 ሰዓት ነው የሚፈቅደው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ 1 ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ውስጥ ነኝ። የዛለ ጆሮ ምንም መምረጥ አይችልም።

ማታ ዝርዝሩን አወጣሁና 6 ክፍል ብቻ መረጥኩ። አንድ ዘፈን ፍላሽ ላይ ጫንኩ። የሴት ድምፅ፣ አንድ ጊታርና ኮንትራባስ (ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ ባለ ክር መሣሪያ) ያለበት ቀረጻ ነው። ለዓመታት ስለሰማሁት ዘፋኟ የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ ሳይቀር አውቃለሁ። በኤግዚቢሽን ላይ የሚያጫውቱላችሁ ሙዚቃ መሣሪያው የሚያምርበት ተብሎ የተመረጠ ነው። አያስወቅሳቸውም፣ ማንም ሻጭ የሚያደርገው ነው። ግን የማታውቁትን ሙዚቃ በማታውቁት መሣሪያ፣ በማታውቁት ክፍል ውስጥ ሰምታችሁ የቱ የየትኛው ጥፋት እንደሆነ መለየት አትችሉም።

በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የገባሁት በር ሲከፈት ነው። ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ነበሩ፤ ትናንት «ቤዙ ያገሳል» ብዬ የሰረዝኳቸው። ዘፈኔን አስገባሁና የኋላውን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እውነትም ያገሳል። ኮንትራባሱ ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ሆኗል። ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄድኩ። ቤዙ ድራሹ ጠፋ! ያው ዘፈን፣ ያው ስፒከር፣ ማንም ምንም አልነካም።

ነገሩ ፊዚክስ ነው። የኮንትራባስ ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ አካባቢ፣ ማለትም በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል እየተርገበገበ ነው የሚጮኸው። የዚህ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው። ክፍሉ ደግሞ በግምት 4 ሜትር ይሆናል፣ የሞገዱ ግማሽ ማለት ነው። እንዲህ ሲገጥም ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ይታሰራል። ግድግዳው ሥር ይገንናል፣ የክፍሉ እኩሌታ ላይ ይሞታል። ትናንት በሰው ብዛት ምክንያት የሰማሁት ሁሉ ግድግዳ ተደግፌ ነበር። 31 ስፒከር የሰማሁ ይመስለኝ ነበር፤ የሰማሁት ግን 31 ግድግዳ ነው። ከኋላ ግድግዳ ራቅ ያለች ወንበር ላይ፣ ከግራና ከቀኝ ስፒከር እኩል ርቀት ላይ ስቀመጥ ኮንትራባሱ ክርና እንጨት ሆነ። ማስታወሻዬ ላይ የነበረውን ፍርድ ሰረዝኩ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ትንሿን ክፍል ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች በማቆሚያ ላይ አቁመው ተቀምጠዋል። ማንም አልነበረም። ዘፈኔን ሰጠኋቸው። ግማሹ ላይ ሲደርስ ፊቴን አዩና «ልጄ፣ አልተመቸህም መሰለኝ» አሉኝ።

«ዘፋኟ አፏ ሰፋብኝ፤ ከግራ እስከ ቀኝ ተዘርግታለች» አልኳቸው።

ዝም ብለው ተነሱ። ግራው ስፒከር አጠገብ ተንበረከኩና በሁለት እጃቸው ያዙት። በጣም ቀስ ብለው ወደኔ አዞሩት፣ አንድ ጣት ስፋት ቢሆን ነው። ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር በዓይናቸው ለኩ። ከዚያ ትንሽ መለሱት። ተመልሰው ሲቀመጡ ዘፋኟ መሃል ላይ ቆማለች። ምንም ስፒከር በሌለበት ቦታ፣ በሰው አፍ ልክ፣ በሰው ቁመት። ጊታሩ ከበስተግራዋ ወደ ኋላ አለ። እንባዬ መጣ ብል ማጋነን አይደለም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የዚያን ስፒከር ብዙ እጥፍ የሚያወጡ ነበሩ፤ ይህን ያደረገልኝ ግን የሰውየው ትዕግሥት ነው። ከ20 ደቂቃ በላይ ተቀመጥኩ።

ቲዩብ አምፕሊፋየር (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ) የነበረበት ክፍልም ጥሩ ትምህርት ሰጥቶኛል። 300ቢ የሚባለው ቲዩብ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። አንዱ ብቻውን ሲሠራ 8 ዋት ገደማ ነው የሚሰጠው። 8 ዋት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። መልሱ ያለው ስፒከሩ ላይ ነው። ድምፅን በ3 ዴሲቤል ለመጨመር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፣ በ10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ 10 እጥፍ። እዚያ የነበረው ሆርን ስፒከር፣ መለከት የሚመስል አፍ ያለው፣ በ1 ዋት ብቻ 1 ሜትር ላይ 100 ዴሲቤል ይሰጣል። ብዙ የቤት ስፒከር 86 ወይም 87 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሆርኑ ከእነዚህ ጋር ለመስተካከል ሃያኛው ክፍል ገደማ ኃይል ይበቃዋል። አምፕሊፋየርና ስፒከር ባልና ሚስት ናቸው፣ ለየብቻ አይመረጡም። ዋት ቆጥሮ መግዛት ድሮ የሠራሁት ስህተት ነው።

አንዱ ክፍል ውስጥ መሣሪያዎቹን የሚያገናኝ ገመድ ሲያወዳድሩ አገኘሁ። በመጀመሪያው ገመድ አንድ ዘፈን፣ ከዚያ በውዱ ገመድ ያው ዘፈን። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፣ እኔም ነቀነቅኩ። ስልኬን ሳይ ግን ሁለተኛው በ2 ዴሲቤል ከፍ ብሏል። ሆን ተብሎ የተደረገ አይመስለኝም፣ በመሃል ሪሞቱ ተነክቶ ነበር። ጆሯችን ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅን «ጮኸ» አይለውም፣ «አማረ» ነው የሚለው። ድምፁ እኩል ተደርጎ እንዲደገም በትህትና ጠየቅኩ፣ ደገሙልኝ። ያኔ ልዩነት መስማት አልቻልኩም። ሌላ ሰው ሰምቶ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን ገንዘቤን እዚያ አላውልም።

ከዚያ በኋላ በየገባሁበት «እባካችሁ ትንሽ ቀንሱልኝ» ማለት ለመድኩ። 75 ዴሲቤል አካባቢ ይበቃኛል። ከዚያም በታች መውረድ አይጠቅምም። ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ መጀመሪያ የሚጎድልበት ቤዙ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን ይህን ያሳዩት በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። አቅራቢዎቹ ድምፁን ከፍ የሚያደርጉትም አንድም ለዚህ ይመስለኛል።

ሸክላ የሚያጫውቱ ክፍሎችም ነበሩ። ከነሱ የቀረኝ አንዲት ቅጽበት ናት። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ የሸክላ ማጫወቻውን ክንድ ስታወርድ፣ መርፌው 2 ግራም በምታህል ክብደት ቦዩ ውስጥ ሲያርፍ፣ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ሙዚቃው ሳይጀምር ሰው መስማት ጀምሯል።

የመጨረሻው ክፍሌ ጥግ ላይ አንድ ያረጀ ኳድ ኤሌክትሮስታቲክ ስፒከር ጥንድ ነበር። የኳድ ኩባንያ መሥራች ፒተር ዎከር የሠሩት፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ነው። እንደ ሌላው ስፒከር ወረቀት ሾጣጣ የለውም። በሁለት ቀዳዳ በበዛባቸው ገጾች መካከል የተወጠረ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው የሚንቀጠቀጠው። ከሩቅ ሲያዩት የክፍል ማሞቂያ ይመስላል። ሰው ጎራ ብሎ ያየውና ያልፋል። እኔ ግን በመሃል ወንበር ላይ ተቀምጬ ዘፈኔን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ጥልቅ ቤዝ የለውም፣ ጩኸትም አይችልም። የሴቲቱን ድምፅ ግን ያን ቀን እንደሱ አድርጎ ያሰማኝ አልነበረም።

ቤት ስመለስ ምንም አልገዛሁም። መጀመሪያ ያደረግኩት ሜትር ማውጣት ነው። ስፒከሮቼ ከግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበሩ፣ ሶፋዬ ደግሞ የኋላውን ግድግዳ ተደግፏል። ሶፋውን አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ሳብኩ። ስፒከሮቹን 10 ሳንቲ እየገፋሁ ያን ዘፈን ደጋገምኩት። 55 ላይ ጉርምርምታው ቀጠነ፣ 75 ላይ ቤዙ ጠፋ፣ 65 ላይ ቆምኩ። እንደ ሽማግሌው ጣት በጣት እያዞርኩ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። አራት ምሽት ፈጀብኝ።

በአራተኛው ምሽት ዘፈኑ መጨረሻ ላይ፣ ኮንትራባሱ የመጨረሻዋን ድምፅ ይዞ ሲቆይ፣ የተጫዋቹ ጣት ከክሩ ላይ ሲነሳ ሰማሁት። ስንት ዓመት የሰማሁት ዘፈን ነው። ጣቱ ግን ያን ቀን ነው የመጣው።