ደብዳቤ የሌለው ውክልና

እዚህ ድሬዳዋ አንድ የመንግስት ትምህርት ቤት የርዕሰ መምህር ቦታ ክፍት ሆኖ ማስታወቂያ ወጣ፣ እኔ የመምህራን ተወካይ ሆኜ ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ። ከተወዳደሩት ሴት አንድ ብቻ ናት፣ የከሰዓቱ ሺፍት ዩኒት ሊደር (አስተባባሪ)። ምክትሉ ተዘዋውሮ ከሄደ በኋላ ቦታው ሳይሞላ ቆይቶ ስራውን ማን ሰራው ብትሉ እሷ ናት፣ ፕሮግራም ታወጣለች፣ አስተማሪ ሲቀር ሰው ትተካለች፣ ወላጅ ተቆጥቶ ሲመጣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም አናግራ ትሸኛለች (ድሬ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም)፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት (ወተመህ) ስብሰባ ሳይቀር እሷው ናት ምትመራው።

ፋይሏ ሲከፈት የአመራር ልምድ ሚለው ቦታ ባዶ!

ለምን? ምክትሉን ተክታ እንደምትሰራ ሚገልጽ የውክልና ደብዳቤ የላትም። "እስቲ ለዚህ ሳምንት ያዢልን" ተብላ በቃል ነው የገባችው፣ ሳምንቱም እንደዛው ሳያልቅ ቀጠለ። አብሯት የተወዳደረው ባልደረባችን ደሞ ከሷ በጣም ያነሰ ጊዜ ነው የወከለው፣ ግን ቁጥርና ማህተም ያለው ደብዳቤ አለው፣ ግልባጭ ለግል ማህደር ተብሎ። ልጁ ተንኮል የለበትም፣ ጎበዝ አስተማሪ ነው። ልዩነቱ "ደብዳቤ አጽፍ እንጂ" ያለው ሰው መኖሩ ነው፣ ያንን ደሞ የሰማው በርጫ ላይ ነው። ድሬን ምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የጠዋት ሺፍት ወንዶች ተሰብስበው ይቅማሉ፣ እንትና ሊዘዋወር ነው፣ እዚህ ቦታ ሊወጣ ነው፣ መስፈርቱ እንዲህ ነው ሚባለው ሁሉ ቦርድ ላይ ሳይለጠፍ እዛ ይታወቃል። እሷ በዛ ሰዓት ክፍል ናት፣ ስትወጣ ደሞ ልጆቿ ጋ ትሮጣለች። ማንም ሆን ብሎ አልደበቃትም፣ ግን የነገራትም የለም።

ኢንተርቪው ላይ አንዱ የኮሚቴ አባል "ነገ ወደ ገጠር፣ ዋሂል ወይ ጀልዴሳ ብትመደቢ ባለቤትሽ ምን ይላል?" አላት። ወንዶቹን ሚስትህ ምን ትላለች ብለናል እንዴ አልኩ። "አቦ ለጥያቄ ያህል ነው" አለኝ። ለጥያቄ ያህል ከሆነ ወይ ሁሉም ይጠየቅ ወይ ይሰረዝ ብዬ ስለያዝኩ ከነጥብ መስጫው ተሰረዘ፣ ግን እሷ ሰምታዋለች፣ ከዛ በኋላ ስትመልስ ድምጿ ራሱ ተቀየረ።

በ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 35 ላይ ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ መብት አለ፣ ሁላችንም በቃላችን ነው ምናውቀው። ግን ያ ድጋፍ የተሰራው ስራ ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ምኑ ላይ ይደረጋል? እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው፣ ሴቶች አይችሉም አይፈልጉም ሲባል እሰማለሁ፣ ይቺ ሴት እኮ ትምህርት ቤቱን እየመራች ነበር!

ቅሬታ እንድታስገባ ገፋፋናት። የቃለ ጉባኤ መዝገቡን አወጣን፣ ሰብሳቢ ሆና የፈረመችበትን ገጽ በገጽ ኮፒ አደረግን፣ ለትምህርት ቢሮ የተላኩ ሪፖርቶች ላይ ያለውን ፊርማዋንም። የክላስተሩ ሱፐርቫይዘር ደሞ፣ ይመስገንና፣ ለድጋፍ ስመጣ ማገኘው እሷን ነው ብሎ በጽሁፍ ሰጠ። ልምዱ በከፊል ተያዘላት፣ ሁለተኛ ወጣች። ርዕሰ መምህር እሱ ሆነ፣ እሷ ምክትል ሆና ተመደበች፣ አሁን በደብዳቤ።

እህቶቼ፣ ያዢልን ስትባሉ በዛው ቀን በአንድ መስመር ማመልከቻ ደብዳቤው ይጻፍልኝ በሉ፣ አያሳፍርም አያስቀይምም። ርዕሰ መምህራን ደሞ ሳትጠየቁ ጻፉ።

አሁን የቀራት የትምህርት ቤት አመራር ድህረ ምረቃ ዲፕሎማው ነው፣ እሱ ደሞ ክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው ሚማሩት። ሀረማያ ቢደርሳት እንኳን፣ ቅርብ ነው ሚባለው፣ ጡት ሚጠባ ልጅ ይዞ በድሬና በሀረማያ መሀል ያለውን የደንገጎን ዳገት በየቀኑ መመላለስ አይሆንም፣ ዶርም ውስጥ ደሞ ከነልጇ ማን ያስገባታል። ትምህርት ቢሮ ውስጥ ያላችሁ ይህን ካነበባችሁ የሰልጣኞችን ስም ዝርዝር ከመላካችሁ በፊት ልጅ ያላትን ሴት ደውላችሁ ጠይቋት፣ ከነልጇ ምታርፍበት ክፍል እንዲሰጧትም ለዩኒቨርሲቲው አብራችሁ ጻፉላት።