ሁለት ጾም፣ አንድ ካዝና

ደሴ ላይ በባንድ እንጀራ የሚበላ ሰው ከቅኝቱ እኩል ባሕረ ሐሳብም (የጾምና የበዓል ቀን ስሌት) ማወቅ አለበት። ዛሬ ማታ የ2019ን ቀን መቁጠሪያ ዘርግቼ ሳሰላው ይህን አገኘሁ። በ2018 ሁዳዴ የካቲት 9 ተያዘ፤ ረመዳንም በቀናት ልዩነት ተከተለው። ከጥምቀት በኋላ የቀረው የሠርግ ጊዜ 4 ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ከተማው በአንድ ጊዜ ጭጭ አለ። በ2019 ግን ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 29 ነው። 7 ቅዳሜና እሁድ ማለት ነው።

ረመዳን ደግሞ የካቲት 1 አካባቢ ይገባል፤ ቁርጡን ጨረቃ ትናገራለች። ሁለቱ ጾሞች በ2018 ተደራርበው ነበር፣ በ2019 ግን ተከታትለው ይመጣሉ። በረመዳን የክርስቲያኑ ሠርግ አለ፤ በሁዳዴ ደግሞ ከኢድ በኋላ የሙስሊሙ። ወሎ ነውና ፋሲካ እስኪደርስ (ሚያዝያ 24) ገበያው ግማሽ በግማሽ ክፍት ነው፣ ለሁለቱም ቤት ለተዘጋጀ ባንድ።

መዘጋጀት ሲባል ዘፈን መጨመር ብቻ አይደለም። አንዳንዱ የሙስሊም ቤተሰብ ኪቦርድ በደጁ እንዲያልፍ አይፈልግም፤ መንዙማና ድቤ ይበቃዋል። ታዲያ ቀብድ ከመቀበል በፊት የቤቱን አባወራ «ጋሼ፣ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው የምትፈልጉት?» ብሎ መጠየቅ ነው። እዚያ ቤት የባንዱ ሥራ ሞንታርቦና ሁለት ጥሩ ማይክ አቁሞ ሚክሰሩ ላይ አንድ ሰው ማስቀመጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ክብሩ አይቀንስም፤ ብሩም ብር ነው።

አሁን ወደ ብሩ። ውሉ 70,000 ብር ነው እንበል። የድምፅና የጄነሬተር ኪራይ 18,000፣ መኪና 4,000፣ ራት 2,000 ቢወጣ 46,000 ይቀራል። 6 ሰው ሲካፈለው ለእያንዳንዱ 7,667 ገደማ ይደርሰዋል፤ አብዛኛው ባንድ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ መጋቢት ላይ ብድር የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለ8 ቢከፈልና ሁለቱ ድርሻ ካዝና ቢገባ ግን ለሰው 5,750 ይደርሰዋል፣ ለካዝና 11,500። በ7 ሠርግ 80,500 ብር ይጠራቀማል። ጭቅጭቁ የሚነሳው በሽልማት ነው፤ ግንባር ላይ የተለጠፈው የዘፋኙ ነው ወይስ የባንዱ? መልሱ በወረቀት ካልሰፈረ ባንዱ የሚፈርሰው በዚያች ብር ነው።

ውሉ ላይ ሌላው የሚረሳው ሰዓት ነው። «እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት» ተብሎ ካልተጻፈ 9 ሰዓት ላይ «አንድ አምባሰል ብቻ!» የሚል አጎት አይጠፋም። የጄነሬተሩን ነዳጅ ማን እንደሚሞላም ይጻፍ።

ማስታወቂያን በተመለከተ፣ ደሴ ውስጥ ሥራ የሚያመጡት ዲኮር ሠሪው፣ ድንኳን አከራዩና ቪዲዮ ቀራጩ ናቸው። ከቪዲዮ ቀራጩ ጋር የሚበጀው መለዋወጥ ነው፦ ከሚክሰሩ በቀጥታ የተቀዳውን ድምፅ እየሰጡ፣ ከእሱ የ60 ሰከንድ ምስል መቀበል። በስልክ የተቀዳ ከሆነ ሞንታርቦው ማይኩን አፍኖት ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ያንን ሰምቶ የሚደውል የለም። ምስሉ ላይ ስልክ ቁጥር ይኑር፤ ሙሽሮቹም ፈቅደው ይሁን። ከዩቲዩብ ማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር 4,000 የእይታ ሰዓት (ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ) ያስፈልጋል፤ የሰው ዘፈን ከሆነ ግን ገቢውን ባለመብቱ ሊወስደው ይችላል። በራስ ክራር የተቀናበረ የቆየ የሕዝብ ዜማ ይሻላል።

ለኮምቦልቻ ሥራ አንድ ሰዓት ቀድሞ መውረድ ግድ ነው። ከደሴ ብርድና ጉም የመጣ የማሲንቆ ቆዳ ታች ሙቀቱ ሲያገኘው ይወጠራል፣ ቅኝቱም ይሸሻል፤ ኪቦርዱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ማሲንቆውን ከሳጥኑ አውጥቶ አዳራሹ ውስጥ ማሳደር ባይቻል፣ ቢያንስ ሙሽሮቹ እስኪገቡ አየሩን ይልመደው፤ መቃኘት ከዚያ በኋላ።